የቀላቢው ምስክርነት

«እኔ እዚህ ቁጢጥ ብያለሁ፣ እሱ እዚያ ቆሟል» አለ አስማማው። ከንፍሮው ሰፌድ አጠገብ እንደ ተቀመጠ ጉልበቱን ከፈት አድርጎ ግራ መዳፉን ዘረጋ። «በመካከላችን ከዚህ እስከ አጥሩ በር ይሆናል። ኳሷ ብርቱካን ብታክል ነው፤ ስትመታህ ግን ድንጋይ ናት። አምሐ ሲለቃት በዓይንህ አታያትም። ድምጿን ነው የምትሰማ።» ይህን ብሎ መዳፉን በሌላው እጁ ጧ አደረገው።

በድንኳኑ የተቀመጡት ወንዶች ሳቅ አሉ፤ ወዲያው ልቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ ብሏቸው አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። አምሐ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሣልስቱ ጧት ወጥቶለት፣ ቄሶቹ ጸልየው፣ ሰዉ ከመቃብሩ ተመልሶ እህል ቀምሶ ገና አልተበተነም።

ወለተ ኪዳን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጥግ ባለው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ባሏ አምሐ ከሞተ ወዲህ ፊቷ ፈታ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ስለ አምሐ ጨዋታ እንዲህ በሰው ፊት፣ እንዲህ በደስታ ሲወራ ሰምታ አታውቅም ነበር። ጎረቤቶቿ በየተራ ወደ እሷ ዘወር እያሉ አዩአት፤ እሷም ራሷን ቀና አደረገች።

አምሐን የባሕር ዳር ሰው «ባለደመወዙ ተጫዋች» ይለው ነበር፤ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በፌዝ። በልጅነቱ ቆጋ ወንዝ ዳር የአባቱን በቆሎ ከዝንጀሮ ሲጠብቅ ነው ውርወራ የለመደው። ሲጎለምስ ከአብሮ አደጉ ከአስማማው ጋር እንጀራ ፍለጋ አስመራ ድረስ ሄዱ፤ አሜሪካኖቹ ቃኘው በሚባለው ሰፈራቸው አስማማውን ሳህን አጣቢ፣ አምሐን ሣር አጫጅ አድርገው ቀጠሯቸው። አንድ እሑድ ወታደሮቹ ቤዝቦል የሚሉትን ጨዋታቸውን ሲጫወቱ ኳሷ ከሜዳው አልፋ አምሐ ከሚያጭድበት ድረስ ተንከባለለች። አንሥቶ መለሰላቸው። ኳሷ ሜዳውን ከዳር እዳር አቋርጣ ከአንዱ ወታደር የቆዳ ጓንት ውስጥ ገባች፤ ሰውየው ጓንቱን አውልቆ ጣቶቹን እፍ ሲል ታየ። በሳምንቱ አምሐ ማጭዱን አስቀምጦ ወርዋሪ ሆነ። ወርዋሪ ያለ ቀላቢ አይሆንም፤ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳሷን የሚይዝ ያስፈልጋል። የአምሐን ኳስ ለመያዝ የደፈረው አስማማው ነበር። ስምንት ዓመት አንዱ እየወረወረ፣ አንዱ እየቀለበ በደመወዝ ተጫወቱ። «ከእኛ በፊት ከአገራችን ሰው በዚህ ጨዋታ እንጀራ የበላ የለም» ይል ነበር አምሐ።

አገሩ ሲመለስ ግን ማን ይመነው? ኳስ በእግር ነው የሚያውቁት። ድንጋይ በመወርወር ደመወዝ ይከፈላል ወይ እያሉ ሳቁበት። እሱም ለጀልባዎቹ ትኬት ቆራጭ ሆኖ ወደቡ ላይ ተቀጠረ፤ ወለተ ኪዳንን አገባ፤ ልጅ ግን እግዜር አልሰጣቸውም። አልፎ አልፎ እሑድ ማታ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሱና አስማማው ሐይቁ ዳር ወርደው ይወራወሩ ነበር። ወለተ ኪዳን ዋንዛው ሥር ተቀምጣ አይታቸዋለች። ያን ጊዜ ባሏ ሌላ ሰው ነው። አንድ እግሩን ብድግ አድርጎ፣ ወገቡን ጠምዝዞ፣ ክንዱን ከጆሮው ኋላ ሲያመጣው ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ይርገበገብ ነበር፤ ይህን ለእሱ ነግራው አታውቅም።

«ምልክት ነበረን» አለ አስማማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰዉ ወደ እሱ እንዲጠጋ። «እኔ በጭኔ መካከል ጣቴን አሳየዋለሁ፤ ከእሱ በቀር ማንም አያየኝም። አንድ ጣት ከሆነ ቀጥታ ነው። ሁለት ጣት ከሆነ ጥምዟ ናት። ይህን ምልክት ከእኔና ከእሱ በስተቀር በዚህ አገር የሚያውቅ የለም። ደብተር ላይ በእርሳስ ሥሎት ነበር፤ ጣት በጣት።»

እናትዓለም በዚህ ጊዜ ቡና በስኒ እያዞረች ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ረጋ ያለች የሰፈሩ ልጅ ናት። ስኒ ሊወስድ እጁን የዘረጋውን ሰው አላየችውም፤ ዓይኗ የተተከለው አስማማው ላይ ነው። ከዚያ የስኒውን ትሪ መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ወለተ ኪዳን ግን ደብተር የሚለውን ቃል ስትሰማ ፈገግታዋ ጠፍቶ ነበር።

ደብተሩን ታውቀዋለች። በ1970 ታኅሣሥ ላይ፣ የቤት ለቤት ፍተሻ ጊዜ፣ ከሣጥን ሥር መዝዘው ያወጡት እሱን ነው። ፈታሾቹ አምስት ነበሩ፤ ከአምስቱ አንዱ የገዛ ወንድሟ ተክለ ጊዮርጊስ ነው። የመርጌታ ልጅ፣ ዳዊት ደጋሚ የነበረው ልጅ፣ ቀበሌው አብዮት ጥበቃ አድርጎት ጠመንጃ አሸክሞታል። በዚያ ቀን ዓይኗን አላያትም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና የተሣሉትን እጆች፣ ከሥራቸው የተጻፉትን የግዕዝ ቁጥሮች አየ። «ይህ የምስጢር ጽሑፍ ነው። ለአሜሪካ ሰላይ ነህ» አለው። አምሐን ይዘውት ሄዱ።

ከሃያ ሁለት ወር በኋላ ሲመለስ ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ አይነሣም ነበር። ወደ ኋላ በሽቦ አስረው ነው ያቆዩት። ኮት ስታለብሰው እጅጌውን ዝቅ አድርጋ ትይዝለት፣ ጠጉሩን ታበጥርለት ነበር። ወደ ወደቡ ሥራ የመለሰው የለም፤ ከዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ እየተቀመጠ መረብ ሲጠግን ኖረ። ማን አሳልፎ እንደ ሰጠው ስንት ጊዜ ጠየቀችው። «ዘመኑ ነው» ይላታል። «ሣጥኑን የሚያውቅ ተክሌ ብቻ ነው» ትለዋለች። ዝም ይላል። አይደለም አላላትም።

እሷም በወንድሟ ላይ በሯን ዘጋች። ስምንት ዓመት ሙሉ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አልተባባሉም። እናታቸው ስትሞት ተክለ ጊዮርጊስ ከአንዱ ጥግ፣ እሷ ከሌላው ጥግ ሆነው አለቀሱ። አሁንም የአምሐን ሞት ሰምቶ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ መጥቷል፤ ድንኳን ግን አልገባም። ውጭ አጥሩን ተደግፎ ይቆማል፤ ሲመሽ ይሄዳል።

እናትዓለም ወደ ድንኳኑ የተመለሰችው ሰዉ ሳስቶ ሲያልቅ ነው። ከወለተ ኪዳን ጎን ተቀመጠች። የነጠላዋን ጥለት ስታፍተለትል ቆየች።

«እትዬ ወለተ ኪዳን፣ ያኔ የቀበሌው ጸሐፊ እንደ ነበርሁ ያውቃሉ» አለች።

«አውቃለሁ። ልጅ ነበርሽ።»

«ጋሼ አምሐ በተጠየቁ ቀን ቃለ ጉባኤውን የያዝሁት እኔ ነኝ። ደብተሩን አሳዩአቸው። ጋሼ አምሐ አልፈሩም። የጨዋታ ምልክት ነው፣ ካላመናችሁ አስማማውን አስጠሩት፣ ቀላቢዬ ነበር፣ እያንዳንዱን ጣት ይነግራችኋል አሉ። ያን ሲሉ እንዲያውም ፈገግ ብለው ነበር።»

ወለተ ኪዳን ዞር ብላ አየቻት።

«አስጠሩት። መጣ። ሊቀ መንበሩ ሁለት ጣቱን እንዲህ አንሥቶ ይህ ምን ማለት ነው አለው። አላውቅም አለ። እኔ ሳህን አጣቢ ነበርሁ፤ ኳስ የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም፤ ይህ ሰው ከነጮቹ ጋር ምን እንደሚያደርግ አላውቅም አለ። በእጄ ነው የጻፍሁት። እሱም ፈረመ።» እናትዓለም እጇን አየችው። «ጋሼ አምሐ ተመለከቱት፤ ተመለከቱት። ከዚያ በኋላ ቢሉአቸው ቢሠሩአቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም።»

ወለተ ኪዳን ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳለች ጠየቀቻት። እናትዓለም በመጀመሪያ ፈርታ እንደ ነበር፣ ኋላ ደግሞ አምሐ ተፈትቶ ሁለቱ አብረው ሲበሉ ሲጠጡ ስታይ ይቅር የተባባሉ መስሏት እንደ ተወችው ነገረቻት። «እርስዎም የሚያውቁ ነበር የመሰለኝ» አለች። «ዛሬ ግን ተነሥቶ ጣት በጣት ሲያስረዳ ስሰማው ሆዴ እንቢ አለኝ።»

በዚያ ምሽት ወለተ ኪዳን ሊያስተዛዝኗት አብረዋት ባደሩት ሴቶች መካከል ተጋድማ ስድስት ዓመት ቆጠረች። ስድስት ዓመት ሙሉ አስማማው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቷ መጥቷል። በእጇ አጉርሳዋለች። ሲታመም በሶ በጥብጣ ወስዳለታለች። የእሱን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሣችው እሷ ናት። ያ ሁሉ ሲሆን ባሏ ያውቅ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆሞ የካደውን ሰው በአንድ ገበታ ላይ ወጥ እየገፋለት ይበላ ነበር። እሷ ደግሞ በዚያው ገበታ ላይ ወንድሟን ትረግም ነበር፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ይሰሟት ነበር።

አስማማው በማግስቱ ረፋዱ ላይ እንደ ልማዱ መጣ። ድንኳኑን ከእድር ያስመጣ፣ ቄሶቹን የጠራ፣ መቃብሩን ቆሞ ያስቆፈረ እሱ ስለ ነበር እንደ ቤተኛ ዘው ብሎ ገባና ከወንዶቹ መካከል ተቀመጠ። ትናንት ያልሰሙ ሁለት የወደብ ሠራተኞች ስለ ጨዋታው ጠየቁት። ገና መናገር ሲጀምር ወለተ ኪዳን ከጥጓ «አያ አስማማው» አለችው።

«አቤት እመት።»

ሁለት ጣቷን አነሣች። «ይህ ምን ማለት ነው?»

ደስ አለው። ሐዘኗን ትንሽ ያቀለለላት መሰለው። «ጥምዟ ናታ። ቀጥ ብላ መጥታ መጥታ መቺው ፊት ስትደርስ እጥፍ ትላለች። የአምሐን ጥምዝ የመታ ሰው አላየሁም።»

«ይህስ?» ሦስት ጣት።

«እሷ ዘገምተኛዋ። መቺው ቸኩሎ አየር እንዲመታ።»

«አየህ፣ ታውቃቸዋለህ» አለች ወለተ ኪዳን። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እንዲህ እያወቅሃቸው በሰባ ለምን አላውቅም አልህ?»

የወደብ ሠራተኞቹ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አዩ። አስማማው የተዘረጋች መዳፉን አጠፋት። ተነሣ፤ የማን እንደ ሆነ ሳያይ የሌላ ሰው ጫማ ተጫምቶ ወጣ። ተከትሎት የወጣ አልነበረም።

ወለተ ኪዳን ከፍራሿ ተነሣች። ሐዘንተኛ ከድንኳን አይወጣም ብለው ሴቶቹ ሊይዟት ሞከሩ፤ አልፋቸው አጥሩ ድረስ ሄደች። ተክለ ጊዮርጊስ ስትመጣ አይቶ ከተደገፈበት ቀና አለ። ጠጉሩ ሸብቷል። እስከ ዛሬ አላስተዋለችውም።

«አንተ አይደለህም» አለችው።

«አይደለሁም፣ እታለም።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ብነግርሽ ታምኝኝ ነበር?»

እሱም አላስጨነቃት፤ ይህን ቀን ሲጠብቅ ስለ ኖረ ነገሩን ቀስ አድርጎ ነገራት። በፍተሻው ቀን ወዴት እንደሚሄዱ ያወቀው በሯ ላይ ሲደርሱ ነው፤ ሣጥኑን ያስነሣው ሊቀ መንበሩ ነበር፤ ጠመንጃውን ጥሎ ቢሄድ ሁለቱንም እንደሚወስዷቸው ያውቅ ነበር። አምሐ ታስሮ ሳለ ተረኛ በሚሆንበት ቀን በሶና ቆሎ በኪሱ እያስገባለት፣ ክንዱን በሞቀ ውኃ እያሸለት ከረመ። አንድ ቀን ስትፈታ እኔ አለመሆኔን ለእታለም እባክህ ንገራት ብሎ ለመነው። አምሐ ቆይ አለው። ከተፈታ በኋላም መንገድ ላይ ሲያገኘው ቆይ ይለው ነበር።

«ስምንት ዓመት ቆየሁ» አለ ተክለ ጊዮርጊስ። ከዚያ እንደ አባታቸው ልጅነቱ፣ ሊያጽናናት ብሎ «ጴጥሮስም ጌታውን ክዷል» አላት።

«ጴጥሮስ ወጥቶ አለቀሰ እንጂ በጌታው ልቅሶ ላይ ተቀምጦ አላወራም» አለችው። ክንዱን ይዛ ድንኳን አስገባችው፤ ከራሷ ፍራሽ ላይ አስቀመጠችው።

በሰባተኛው ቀን ጧት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ እኅትና ወንድም ወደ መቃብሩ ሄዱ። የጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ከሐይቁ አፋፍ ላይ ነው፤ ከዛፎቹ መካከል ውኃው ነጭ ሆኖ ይታያል። አንድ ታንኳ ቄጤማ ጭኖ ወደ ገበያው በኩል ይቀዝፋል። ሲጠጉ አስማማው ከመቃብሩ ግርጌ ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኙት። ሲያያቸው ተነሣ፤ ግን አልሸሸም። ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ፊት ነበረው።

ተክለ ጊዮርጊስ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ።

አስማማው ይቅር በይኝ አላለም። ያን ቀን ቀበሌው ከመግባቱ በፊት ሁለት ሬሳ በጋሪ ሲያወጡ አይቶ እንደ ነበር፣ አራት ልጆቹ ፊቱ ላይ ድቅን እንዳሉበት፣ አፉ አላውቅም ሲል የሌላ ሰው አፍ እንደ መሰለው ነገራት። ወለተ ኪዳን እስኪጨርስ ሰማችው። መፍራቱን መረዳት አላቃታትም። በዚያ ዘመን ያልፈራ የለም። እሷን የሚበላት ሌላ ነገር ነበር።

«እሱስ?» አለች። «ሲፈታ ቤቱ ስትመጣ ምን አለህ?»

አስማማው አቀረቀረ። «በሩ ላይ ተንበረከክሁ። ተነሥ አለኝ። ለወለቴ እነግራታለሁ፣ የፈለገችውን ታድርገኝ አልሁት። አትነግራትም አለኝ። ካወቀች ከዚህ በር አታስገባህም፤ አንተን ካጣሁ ደግሞ እኔ ምን ነበርሁ? ስወረውር ያየኸኝ አንተ ብቻ ነህ አለኝ።»

«እኔስ? ሐይቁ ዳር?»

«ያ ጨዋታ አልነበረም፣ እመት።»

ነፋስ ከሐይቁ ተነሥቶ ቅጠሎቹን አንኮሻኮሸ። ወለተ ኪዳን ዋንዛው ሥር ተቀምጣ ያየችውን ሁሉ አሰበች፤ ያ በባሏ ዘንድ እንዳልተቆጠረ ገባት። አንድ ምስክር ላለማጣት ሲል የእሷን ወንድም ከፍሏል። እሷ በየእሑዱ ስትራገም እየሰማ፣ አንዲት ቃል ብቻ ብትወጣው የሚያበቃ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ዳቦ እየቆረሰ ዝም ብሏል። እናቷ «ልጆቼን ሳላስታርቅ» ብላ ስትሞት እሱ ከራስጌዋ ነበር።

አስማማው ባርኔጣውን እያገላበጠ፣ የመጣበት አንድ ነገር እንዳለ ተናገረ። እዚህ መስቀል ላይ ስሙና የሞተበት ቀን ብቻ ነው ያለው። እሱ በራሱ ድንጋይ አስጠርቦ፣ አምሐ ምን እንደ ነበረ ማስጻፍ ይፈልጋል፤ በደመወዝ የተጫወተ የመጀመሪያው መሆኑ እንዲታወቅለት። ከዚህ በኋላ የሚያውቅ አይኖርምና።

«ማን ይመሰክርለታል?» አለችው።

«እኔ።»

«ያንተ ምስክርነት ተጽፎ ተፈርሟል፣ አያ አስማማው። ሳህን አጣቢ ነኝ ብለሃል።»

አስማማው ለመቃብሩ እጅ ነሥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ወዳለው በር ሄደ። ጀርባው ጎብጦ ነበር። ተክለ ጊዮርጊስ እንድትሄድ ሊጠራት አሰበና ፊቷን አይቶ ተወው።

ወለተ ኪዳን ከመቃብሩ አጠገብ በርከክ አለች። ዛሬ ልታለቅስለት ነበር የመጣችው፤ እንባው ግን ከየትም አልመጣ አለ። አፈሩ ገና አልጠነከረም፤ ጤዛ ጠጥቶ ጠቁሯል። «አንተ ሰውዬ» አለችው፤ እንዲህ ብላ በሕይወቱ ጠርታው አታውቅም። ቀጥሎ የምትለውን ፈለገች፤ ያጣችው ስለ በዛባት የትኛውን ቃል እንደምታስቀድም ጠፋት።

እጇን አነሣችና በሙሉ መዳፏ አፈሩን መታችው፤ ጠንክራ፣ አንድ ጊዜ፣ ሰው የተኛ ሰው ትከሻ እንደሚመታ። ድምፁ ታፍኖ ቀረ። ተክለ ጊዮርጊስ ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመደ።

እጇን ግን አላነሣችውም። ጣቶቿን ዘርግታ፣ እርጥቡ አፈር በመካከላቸው እስኪወጣ ድረስ ተጭና፣ እዚያው ተወችው።